እሱስ ምን ይላል?

ዘግይቶ ለደረሰ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ እናስጨብጠው፤ የቆየው አንባቢ ደግሞ ይታገሠን። ደራሲዋ ለሳምንታዊ መጽሔት የፍቅር ልቦለድ በተከታታይ የምትጽፍ፣ ከፊቷ ይልቅ ስሟ የሚታወቅ፣ ከባሏ ከተፋታች የቆየች፣ አባቷ ትቶላት በሞተው ሰፊ ቤት ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ቁርጥማት የጣቶቿን አንጓ ካሳበጠው ወዲህ ብዕር መያዝ አቅቷታል። ስለዚህ እሷ እየተንጎራደደች ትናገራለች፣ ታይፒስቱ ይመታል። ታይፒስቱ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በተደረደሩት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ የሰው አቤቱታ እየጻፈ የሚኖር፣ እናቱን የሚጦር፣ ጎልማሳና ዝምተኛ ሰው ነው። ሌላው በሁለት ጣት እየለቀመ ሲጽፍ እሱ በአሥሩም ስለሚመታ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች «ባለአሥሩ» ይሉታል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ይዋደዳሉ። ይህን የደራሲዋ ታላቅ እህት አታውቅም፣ ጎረቤት አያውቅም፣ መጽሔቱን በየሳምንቱ ተሻምቶ የሚያነበው ሕዝብም አያውቅም። እነሱ ራሳቸው አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ተቀምጠው አልተነጋገሩበትም። የተነጋገሩት በሌላ ሰው አፍ ነው።

ነገሩ የጀመረው በወንዶቿ ምክንያት ነው። ደራሲዋ ሴት ስትጽፍ አንባቢ የገዛ እህቱን ያገኘ ይመስለዋል፤ ወንድ ስትጽፍ ግን ጉድ ይፈላል። ወንዶቿ ስብሰባ የሚከፍቱ ባለሥልጣናት ናቸው፤ «የሕይወቴ ብርሃን ሆይ» ሳይሉ ውሃ እንኳ አይጠይቁም። አንድ ቀን ታዲያ ታሪኩ መሀል ላይ ቆመባት። የባለፋብሪካው ልጅና መንገድ ቀያሹ በምሽት ድልድይ ላይ ተገናኝተዋል፤ ልጅቷ የልቧን ተናግራለች፤ ቀያሹ ግን መልስ የለውም። ደራሲዋ ክፍሉን ደጋግማ ዞረችው።

«እሱስ ምን ይላል?» አለች ለራሷ።

«‹ብርድ ነው፤ ኮቴን ልበሽ› ይላል» አለ ታይፒስቱ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ።

«ይኸው ነው?»

«ሌላ ምን ይበል? ሴትዮዋ እኮ እየተንቀጠቀጠች ነው።»

ደራሲዋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የፈታችው ባሏ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላውን ወደ ራሱ የሚያዘነብል ሰው ነበር። ኮቱን አውልቆ የሰጣት ወንድ በሕይወቷም በመጽሐፏም እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሴቷን እሷ ትናገራለች፣ ወንዱን እሱ። ከወረቀቱ ውጭ «እርስዎ» ይባባላሉ። «ሻይዎ ቀዘቀዘ» ይላታል። «ትንሽ አረፍ አይሉም?» ትለዋለች። ወረቀቱ የጽሕፈት መኪናው ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ዓለም ነው። «‹አንቺን ሳላይ የዋልኩበትን ቀን ከዕድሜዬ አልቆጥረውም› ይላል» ይላታል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሷም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ «ጥሩ ነው፤ ይግባ» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «‹እኔስ ብሆን፣ የእግርህን ድምፅ ከደረጃው ላይ ስሰማ ነው የምነቃው› ትለዋለች» ትላለች። ይህም ይገባል። ሁለቱም እየተነፈሱ መሆናቸውን እስኪረሱ ድረስ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ የመኪናው ጣቶች መንጫጫት ይጀምራሉ።

አንባቢ ልዩነቱን ወዲያው ቀመሰው። ደብዳቤ ጎረፈ። አንዲት ሴት «ቀያሹ በእውን ያለ ሰው ከሆነ እባክዎ አድራሻውን ይላኩልኝ፤ ባሌን ልቀይረው ነው» ብላ ጻፈች። ደራሲዋ ለታይፒስቱ አነበበችለት፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙና ሳቁ በአንዴ ደረቀ። ቀድሞ አንገቱን የደፋው እሱ ነው።

የሥራ ቀናቸው ማክሰኞና ዓርብ ነበር። ታላቅ እህቷ በእነዚህ ቀናት አትመጣም። «ለጸጥታ ብዬ ነው» ትል ነበር ደራሲዋ። እንመናት።

* * *

ያን ዓርብ ጠዋት የመጽሔቱ አዘጋጅ ደወለ። አዘጋጁ ሲደሰትም ሲቆጣም የሚጮህ ሰው ስለሆነ ደራሲዋ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ነው የምታናግረው።

«እህቴ፣ አንባቢ ቀዝቅዞብኛል!» አለ። «ሁለቱን ልጆች ስታሞቂያቸው ስታሞቂያቸው ሰው ላበው። አስለቅሺልኝ እንጂ! መሐረብ የሚያስጨምቅ ክፍል ነው የምፈልገው።»

«አይዞህ፤ አንተው ራስህ ታለቅሳለህ» አለችው።

ታይፒስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። እንደ ወትሮው አልነበረም። የክት ኮቱን ለብሷል፤ ጢሙን ሲላጭ አገጩን ቆርጦታል፤ የቀረበለትን ሻይ አልነካም። ደራሲዋ ይህን ሁሉ አየች። አይታም «ይህቺ ለቀያሹ ትሆናለች፤ አገጩን ቆርጦት ይምጣ» ብላ በልቧ መዘገበችው። የሙያ ነገር ሆኖባት ነው፤ ሰው ሲወድቅ አይታ አወዳደቁን ሳትይዝ አታነሣውም።

ቀያሹን ሩቅ ቦታ ሥራ እንዲጠራው ያደረገው ባለፈው ማክሰኞ ታይፒስቱ ነበር። «‹ከወደ ባሕሩ በኩል ሥራ ተገኝቶልኛል፤ መልስ እየጠበቁኝ ነው› ይላል» ብሎ ከየት መጣ ሳይባል አመጣው። ታሪኩ መታጠፊያ አገኘ ብላ ደራሲዋ ደስ ብሏት ነበር። ዛሬ ከዚያው ቀጠሉ። ልጅቷና ቀያሹ ባቡር ጣቢያው ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በመካከላቸው ባርኔጣውን አስቀምጠው ተቀምጠዋል።

«እሱስ ምን ይላል?» አለች ደራሲዋ።

ታይፒስቱ አልመታም። እጆቹን ከመኪናው ላይ አነሣና ጉልበቱ ላይ አኖራቸው። ከዚያ በሥራ ሰዓት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ።

«‹ሥራው ሩቅ ነው፤ ከሄድኩ የምመለስ አይመስለኝም› ይላል። ‹ሀብት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። ያለኝን ሁሉ አይተሽዋል፤ ከዚያ በላይ የሚመጣ የለም። ግን አትሂድ ካልሽኝ አልሄድም። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም፤ ከዚያስ ወዲያ ብዬ አልጠይቅሽም። አትሂድ በይኝ ብቻ› ይላል።»

«ብቻ» ሲል ድምፁ ተሰበረ።

ደራሲዋን ከአንገቷ እስከ ወገቧ ውርር አደረጋት። ይህን ስሜት ታውቀዋለች፤ ጥሩ ክፍል ሊመጣላት ሲል እንዲህ ያደርጋታል። ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል አልጠረጠረችም። ያን ያህል ዘመን ስለ ፍቅር የጻፈች ሴት ፍቅር የገዛ በሯን ሲያንኳኳ፣ ድምፁ አምሮባት ቆማ አዳመጠች እንጂ አልከፈተችም።

«ግሩም ነው!» ብላ ባበጡት እጆቿ አጨበጨበች። «ይግባ፣ ይግባ! አንድም ቃል አይነካ!»

ታይፒስቱ ትንሽ ቆየና መታው።

«አሁን እሷ» አለች ደራሲዋ ወደ መስኮቱ ዞራ። «‹ሂድ› ትለዋለች።»

መኪናው ጸጥ አለ።

«ሂድ?» አለ ታይፒስቱ።

«ሂድ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ካልሄደማ ማን ያለቅሳል?» አለች እየሳቀች።

ከዚያ ቃሉ መጣላት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመውለድ ግማሽ ቀን የምታምጥ ሴት ያን ዕለት አፏን ከፍታ ዘረገፈችው። «‹ሂድ፤ ዞረህም አትይ። አንተ የወደድከኝ በምሽት ነው፣ በድልድይ ላይ፣ ሰው በሌለበት። በቀን ብታገኘኝ የማላውቅህ ሴት ነኝ። እጄን ይዘህ በእኛ ሳሎን ብትገባ ሁሉም ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ እንዴት እንደሚከብድ አንተ አታውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። አባቴ እያለ አንተ ባሌ አትሆንም። አባቴ እያለ ስምህ በዚህ ቤት አይጠራም። እዚህ ለእኔ የምሽት ወሬ ነህ፤ ሂድና በሌላ አገር ሰው ሁን። ካለቀስኩም ባቡሩ ከሄደ በኋላ አለቅሳለሁ፤ አንተ አታየውም› ትለዋለች።»

ከጀመረች እስክትጨርስ አላቆመችም፣ አልሳለችም፣ «ወደ ኋላ መልሰው ያንብቡልኝ» አላለችም። ታይፒስቱም አንዲት ፊደል ሳይስት እኩል አብሯት ደረሰ። ወረቀቱን ከመኪናው መዘዘ።

«ሌላ አለ?»

«የለም፤ ዛሬስ አበቃን።»

«አዎ፤ አበቃን» አለ።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ገጭ ገጭ አድርጎ አስተካከላቸው፤ እንደ ልማዱ ለመጽሔቱ ራሱ ሊያደርስ ፖስታ ውስጥ ከተታቸው፤ ኮቱን ቆለፈ። በሩ ላይ ቆም ብሎ ዞረ። ደራሲዋ ጀርባዋን እንደሰጠች የገዛ ቃሏን በልቧ እያጣጣመች ነበር። «ደህና ይሁኑ» ሲላት «ማክሰኞ እንገናኝ» አለችው። ከብዙ ዘመን ወዲህ እንደዚያ ከሰዓት ደስ ብሏት አያውቅም።

* * *

ማክሰኞ የእግር ድምፅ ከደረጃው ላይ ስትሰማ ከወንበሯ ተነሥታ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች። ድምፁ ግን ቶሎ ቶሎ የሚል ነው። በሩ ላይ የቆመችው ማስቲካ የምታኝክ ወጣት ሴት ናት።

«ከጽሕፈት ቤቱ ልከውኝ ነው» አለች። «በባለአሥሩ ፋንታ።»

«ምነው፣ አመመው?»

«ኧረ ደህና ነው።»

ደራሲዋ ቅር አላት፤ ቅር እንዳላት ግን ለማስቲካዋ ሴት ማሳየት አልፈለገችም። ወንበሩን አሳየቻት። ልጅቷ የሱን መኪና ስትከፍት፣ የሱን ወንበር ወደ ፊት ስትስብ እያየች ሳለ ስልኩ ጮኸ። አዘጋጁ ነው።

«አልቅሻለሁ!» አለ። «እውነቴን ነው፣ እዚህ ቢሮ ውስጥ፣ ሠራተኛ ፊት! የእርማት ክፍሏ ሴትዮማ እስካሁን ዓይኗ እንዳበጠ ነው። እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ይህን የሚያክል የለም። አንዲት ነገር ብቻ፤ አባትዬው ሞቶ አልነበር እንዴ?»

«የቱ አባት?»

«የልጅቷ ነዋ! በዘጠነኛው ክፍል ቀብረነው የለም እንዴ? ያን ሁሉ ሰው አስለቅሰን! አሁን ‹አባቴ እያለ፣ አባቴ እያለ› ትላለች። ከመታተሙ በፊት ምን ላድርገው?»

ደራሲዋ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። የልቦለዱ ልጅ በደረጃ ስትወርድ አረንጓዴ የነበረውን ቀሚሷን በሩ ላይ ስትደርስ ሰማያዊ ባደረገችው ጊዜ፣ ታይፒስቱ ጣቶቹን አንሥቶ «ደረጃው ላይ ልብስ ቀየረች?» ብሏታል። አንድ ፈረስ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግሩ ሲያነክስባት አስቁሟታል። የዚህ ሁሉ ጠባቂ ሆኖ የኖረ ሰው የሞተ አባት ከመቃብር ሲነሣ እያየ ዝም አለ። ሁለት ጊዜ ነው «አባቴ እያለ» ያለችው፤ ሁለቱንም መታቸው።

ስልኩን መልሳ ሰቀለችው። አዘጋጁ ገና እየተናገረ ነበር።

«የት ነው የሚሄደው?» አለቻት ማስቲካዋን ሴት። የሚሄድ መሆኑን ማን እንደነገራት ራሷም አላወቀችም።

«አልሰሙም እንዴ? የወደብ መጋዘን የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ ሆኖ እኮ ነው። ነገ ጠዋት አውቶቡስ አለው፣ እናቱንም ይዞ። ቆየ እኮ ከጠሩት! ‹አንድ ሰው ሳልጠይቅ መልስ አልሰጥም› እያለ ሲያጉላላቸው ከርሞ ዓርብ ማታ መጥቶ እሺ አላቸው። ማንን እንደጠየቀ እንጃ። ምን ልምታ?»

«ምንም» አለች ደራሲዋ። «ዛሬ ምንም የለም።»

እንደ ባለታሪክ ሴቶቿ ራሷን ስታ መውደቅ አማራት፤ በእሷ ልቦለድ ውስጥ ሴት ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ሁልጊዜ በአጠገብ አለ። እዚህ ያለችው ግን ማስቲካዋ ሴት ናት። ስለዚህ ጫማዋን አደረገችና ወጣች።

* * *

ባለአሥሩ የሚሠራባት ጽሕፈት ቤት ጠባብ ናት። ሦስት መኪናዎች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ ባለጉዳዮች ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ደራሲዋ በዚህ በር አንድ ቀን እንኳ ገብታ አታውቅም ነበር። ታይፒስቱ የአንዲት ባልቴት አቤቱታ እየመታ ነው፤ ጎረቤታቸው ግንብ ሠርቶ ፀሐይ ከልክሏቸዋል።

«‹ልብሴ አይደርቅም› በልልኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ብያለሁ፣ እማማ።»

«‹እኔም አልሞቅም› በልበት።»

«እሱንም ብያለሁ።»

ቀና ሲል አያት። ጣቶቹ ቆሙ። ከዚያ እንደገና ቀጠሉ፤ አቤቱታውን እስከ መጨረሻው መታ፣ ለባልቴቷ አነበበላቸው፣ የሚፈርሙበትን ቦታ አሳያቸው፣ እስከ በሩ ሸኛቸው። ደራሲዋ ባለጉዳዮቹ መካከል ተቀምጣ ተራዋን ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ እሱ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ምን ልጻፍልዎ?» አለ።

«ነገ ይሄዳሉ አሉ።»

«አዎ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬዎ ነበር። ዓርብ ነገርኩዎ። እርስዎም መለሱልኝ።»

«እሱ እኮ ልቦለድ ነው!» አለች፤ ሳታስበው ጮኸች። የሌሎቹ መኪናዎች ድምፅ በአንድ ጊዜ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ታይፒስቱ።

ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቹ ተያዩ። አንደኛው «ሻይ አማረኝ» ሲል ሌላኛው «እኔም» አለ፤ ባለጉዳዮቹንም «ከሰዓት ተመለሱ» ብለው እየነዱ ይዘዋቸው ወጡ። በሩ ተዘጋ።

«እኔ ቀያሽ የሚባል ሰው አላውቅም» አለ ታይፒስቱ። «መንገድ ሲቀየስ እንኳ አይቼ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ የተናገርኩት ለአንቺ ነው። አንቺም ለእኔ የምትመልሺልኝ መስሎኝ ነበር።»

«አንቺ» ሲላት የመጀመሪያ ጊዜው ነው፤ ወረቀት በሌለበት፣ በራሱ አፍ።

«ለአንተ ነበር» አለች። «ሁሉም ለአንተ ነበር።»

«ዓርብ ዕለትስ?»

«ዓርብ ዕለት አዘጋጁ ‹አስለቅሺልኝ› ብሎኝ ነበር። ክፍሉ እንዲያምር ብዬ ነው። አልገባኝም። ኮትህን እያየሁ፣ አገጭህን እያየሁ አልገባኝም። እንደ ጅል ነው ያጨበጨብኩት። አሁን ግን ገብቶኛል፤ አትሂድ። እባክህ አትሂድ።»

ታይፒስቱ ዓይኖቹን ጨፈነ። ሲከፍታቸው ርሰዋል።

«ይህችን ቃል ዓርብ ዕለት ብትያት ኖሮ…»

«አልረፈደም እኮ! አውቶቡሱ ነገ ነው። አንድ ስልክ ነው፤ አልመጣም ትላቸዋለህ።»

ቀስ እያለ ፈገግ አለ። ይህ ፈገግታ ለእሷ ብቻ የተሠራ ነው። እጁን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር፣ ከእጇ ጎን፣ ሳይነካት፣ ሙቀቱ ተሰማት። ያን ጊዜ ዝም ብትል ኖሮ፣ ዝም ብቻ ብትል፣ ይህ ታሪክ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

«አንድ ነገር ግን አስረጂኝ» አለ እሱ። «አባትዬውን ለምን አመጣሽው?»

«ረስቼው ነው።»

«እሱን እኔም አውቄያለሁ። ስትዪው እጄ ሊቆም ነበር። ላስታውስሽ ፈለግሁና ተውኩት። እኔን የምትሸኚበት ምክንያት ብታጪ የሞተ ሰው ቀሰቀስሽ ብዬ አዘንኩ። ልጅቷን እኮ የሚከለክላት ማንም የለም፤ አባቷ ሞቷል፣ ፋብሪካው የራሷ ነው። አንቺንም የሚከለክልሽ የለም። ታዲያ ‹ሂድ› በይ ያላት ማነው?»

«ነገርኩህ እኮ፣ ለክፍሉ ብዬ ነው።»

«ለክፍሉ ብለሽ ስትናገሪ አውቅሻለሁ። ትስያለሽ። ትቆሚያለሽ። ‹ወደ ኋላ መልሰው ያንብቡልኝ› ትያለሽ። ዓርብ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆምሽም።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ልመና ነው ያለው። «ዋሽተሽኝ ነው እንድል የሚያደርግ አንድ ነገር ስጪኝ። እቀራለሁ።»

«እወድሃለሁ» አለች።

«እሱን ድልድዩ ላይ ብለሽዋል።»

«አንተ ከሌለህ ቤቱ ቤት አይሆንልኝም።»

«እሱ በሌላው ልቦለድሽ፣ በአስተማሪዋ ታሪክ ውስጥ ነው። እኔው ነኝ የመታሁት።»

«እጅህ ከእጄ ካልወጣ…»

ራሷ አቆመችው። ያም ታትሟል። ወደ ውስጧ ገብታ ፈለገች፤ ያነሣችው ሁሉ የተሸጠ ነው። ለአዘጋጁ ያልሰጠችው፣ አንባቢ ያላለቀሰበት፣ እሱ በአሥር ጣቱ ያልመታው አንድም የፍቅር ቃል አልቀራትም። ሀብታም ነኝ ብላ የኖረች ሴት ለገዛ ልቧ ስትፈልግ ባዶዋን ቀረች።

«አንዲት ብቻ» አለ ታይፒስቱ። «ያልመታኋት አንዲት።»

አንዲት ነበረች። ከሁሉም ሥር፣ ለራሷ እንኳ ደግማ ያልነገረቻት። በደራሲዋ መጻሕፍት ውስጥ እውነቱን የተናገረ ሰው ሁሉ መጨረሻው መታቀፍ ነው። ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ መሆኗን ረሳችና አመነችው።

«አይቼህ ነበር» አለች።

«የት?»

«ቲያትር ቤቱ ጋ። ከእህቴና ከጓደኞቿ ጋር ስወጣ አንተ ማዶ ቆመህ ነበር። እናትህን ደግፈሃት። እጅህን አነሣህልኝ።»

ታይፒስቱ አልተንቀሳቀሰም።

«አላየችኝም ብለሃል። አይቼሃለሁ። እናትህም አንገቷን አስግጋ ፈገግ ስትል አይቻለሁ፤ ስለ እኔ የነገርካት መሰለኝ። እህቴ ‹ማነው እሱ ሰው?› እንዳትለኝ ፊቴን አዙሬ ጫማ ቤት ገባሁ። የማይሆነኝን ጫማ ለካሁ። እስክትሄዱ ድረስ ስለካ ቆየሁ።» እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ እንደወረደ ተወችው። «ማንም አልከለከለኝም። አባቴም አይደለም፣ እህቴም አይደለችም። አፍሬብህ ነው። ይኸው፤ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።»

ስትጨርስ ቀለል አላት። ተነፈሰች። ከዚያ፣ ለማለት ያሳፍራል፣ እጆቹን ጠበቀች።

ታይፒስቱ ከእጇ ጎን የነበረውን እጁን አንሥቶ መኪናው ላይ አኖረው።

«ይህን አልመታሁትም» አለ በመጨረሻ። «ልክ ነሽ።»

«ታዲያ…»

«እናቴ ‹ያቺ ናት?› አለችኝ። ‹አዎ፣ ፀሐይ ዓይኗ ላይ ወርዶባት ነው እንጂ ብታየን ኖሮ ትሻገር ነበር› አልኳት። እሷም ‹ውይ፣ ልጄን፣ መነጽር ታድርግ› አለች። እስከ ቤት ድረስ ስለ ዓይንሽ እየተጨነቀች ነው የሄደችው። ለእሷ ስነግራት እኔም አመንኩት። በማግሥቱ ደረጃሽን የወጣሁት እሱን ይዤ ነው። ዓርብ ዕለት ከዚያ ሁሉ ቃል በኋላ እንኳ፣ ‹ቢሆንም መንገድ ላይ አላየችኝም እንጂ አፍራብኝ አይደለም› እያልኩ ነው ያደርኩት።»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅርታውስ ቀላል ነው» አለ። ፊቱን በመዳፉ አበሰ። «ይህን ያህል ዘመን፣ ይህን ያህል ውሸት የምታሳምሪ ሰው፣ ለእኔ አንዲት አጣሽልኝ?»

በሩ ገርበብ አለ። ወረቀት የያዘ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስገቡ።

«ተራ የሚጠብቅ አለ?»

«የለም፣ አባባ፤ ይግቡ» አለ ታይፒስቱ፣ አዲስ ወረቀት መኪናው ውስጥ እየከተተ።

ደራሲዋ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችላቸው። ሽማግሌው «ተባረኪ፣ ልጄ» አሏት።